ስለ ወፍራምና ስለ ቀጭን አውታር

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ንፋስ ስልክ ማለት በቀድሞ ዘመን ያለ ሽቦ ድምፅ የሚያስተላልፈው መሣሪያ የተጠራበት ስም ነው፤ ታሪኩ እዚህ ላይ የሚነገረው ጐልማሳ ግን መከራው የመጣበት በሽቦ ነበር።

ይህ ጐልማሳ በላፍቶ ሠፈር ከእናቱና ከእኅቱ ጋራ ይኖር ነበር። ቀን ቀን በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት በርና መስኮት እየበየደ የቤቱን ቀለብ ያመጣል፤ የሠርግ ቀን በሆነ ጊዜ ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋራ የኤሌክትሪክ ጊታር ይመታል። አባቱ ሞቶ ነበርና ቤቱ ከልጁ ከሁለቱ እጆች በቀር ሌላ ርስት አልነበረውም።

የጊታርን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ጊታር ስድስት አውታሮች አሉት። የኤሌክትሪኩ ጊታር አውታሮች የብረት ሽቦዎች ናቸው። ከበታቻቸው ማግኔት አለ፤ ሽቦው ሲንቀጠቀጥ በማግኔቱ ላይ በተጠመጠመው ቀጭን መዳብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይነሣል፤ ማጉያውም ይህን ተቀብሎ ድምፅ ያደርገዋል። ስለዚህ የናይሎን ክር ቢታሰርበት ማግኔቱ አይሰማውም። የሽቦው ውፍረት የሚለካው አንድ ኢንች በሺህ ተከፍሎ ነው፤ ነጋዴዎችም ከስድስቱ የቀጠነውን የአንደኛውን አውታር ቍጥር ይዘው ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ እያሉ ይሸጡታል።

ዘጠኝና ዐሥራ አንድ የሚለያዩት በአንዲት ጠጕር ውፍረት ያህል ነው። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ድምፅ ለማቃናት ዐሥራ አንዱ ከዘጠኙ ይልቅ በእኩሌታ ያህል ጨምሮ መወጠር አለበት፤ የሚፈለገው ኃይል የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነውና። የአውታርን ሕግ ማሪን ሜርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኵሴ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። በተለመደው ጊታር ላይ አንደኛው አውታር ዘጠኝ ቢሆን በ6 ኪሎ ያህል፣ ዐሥር ቢሆን ከ7 ኪሎ ጥቂት በሚበልጥ፣ ዐሥራ ሦስት ቢሆን ግን ከ12 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ይወጠራል። ውጥረቱ በጨመረ ቍጥር የመችው ጣት የሚታገለው ይበዛል።

ጐልማሳው አስቀድሞ በዐሥር ቍጥር ይመታ ነበር። ባልንጀሮቹ ግን፦ «ቀጭን አውታር የሕፃን ነው፤ በ1990 የሞተው አሜሪካዊው ስቲቪ ሬይ ቮን የሚመታው በዐሥራ ሦስት ነበር» ብለው አሳፈሩት። እርሱም ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ዐሥራ ሦስት ቍጥር አስመጣ። ሽቦው በጊታሩ ዐናት ላይ ባለው ስንጥቅ አልገባ ቢለው ስንጥቁን በሞረድ አሰፋው።

እውነቱን ለመናገር ድምፁ አማረ። ወፍራም ሽቦ በማግኔቱ ፊት የሚያንቀሳቅሰው ብረት ብዙ ነውና ድምፁ ይከብዳል፤ በብርቱ ቢመቱትም አይንጫጫም። ክራር የሚመታ ሰው አውታሮቹን ሁሉ በአንድነት እየገረፈ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ዝም ያሰኛቸዋል፤ ጊታርንም በዚህ ዐይነት ለሚመታ ወፍራሙ ይስማማዋል። በጭፈራው ሰዓት ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ትዝታ ግን ሌላ ነው። በመሰንቆ ላይ የፈረስ ጭራው አውታር እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫንም፤ ጣት በጐኑ ይነካዋል እንጂ፤ ስለዚህ ድምፁ እንደ ሰው ልቅሶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። በጊታር ይህን ለማስመሰል የሚሻ ሰው አውታሩን በጣቱ ገፍቶ ወደ ጐን ማጕበጥ አለበት። ይህም በቀጭኑ ቀላል፣ በዐሥራ ሦስቱ ግን ትግል ነው። ቮን ራሱ ጊታሩን ከተለመደው ድምፅ በግማሽ እርከን ዝቅ አድርጎ ያቃና ስለ ነበር የአውታሩ ጕልበት ረገብ ይልለት ነበር። ባልንጀሮቹ ይህን አልነገሩትም፤ ምናልባትም አያውቁት ይሆናል።

በጥር የእኅቱ ሠርግ ሆነ። ሌሊቱ ሲገፋ የሙሽራው አያት ትዝታ ጠየቁ፤ ጐልማሳውም ጀመረ። በሦስተኛው ዙር ላይ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ድምፁ መድረስ ከሚገባው ሳይደርስ እየወደቀ ቀረ። ሽማግሌው በትሕትና አጨበጨቡ፤ እኅቱ ግን ዐይኗን ወደ ምድር አደረገች። በማግሥቱ የእጁ አንጓ አብጦ ተገኘ። ሐኪሙ ለብዙ ሳምንት እንዲያርፍ አዘዘው፤ መበየጃውን መጨበጥ ስላልቻለም ደመወዙ ቀረ። እናቱ የጆሮዋን ወርቅ ሸጠች።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ሠርግም ዘፈንም ተወ። በዚያ ወራት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ማታ ማታ በገና ይደረድሩ ነበር። ጐልማሳው አንድ ቀን ገብቶ ቢቀመጥ ሽማግሌው ከበግ አንጀት የተገመደ አዲስ አውታር ሲያስሩ አገኛቸው።

«የበገና ዐሥሩ አውታር በርዝመት ብዙ አይለያይም» አሉት፤ «ስለዚህ ዝቅ ላለው ድምፅ ወፍራሙን፣ ከፍ ላለው ቀጭኑን እሰጣለሁ። ወፍራሙን ያለ መጠን ብስበው ይበጠሳል፤ ቀጭኑን ባላላው እንደ ተልባ እግር ክር ይተኛል። ለመሆኑ የአንተን አውታር ማን መረጠልህ?»

«አንድ የታወቀ ሰው ይመታበት ነበር፣ አባባ።»

«አውታሩንስ ላከልህ፤ እጁንም ልኮልሃልን?»

ጐልማሳው ሣቀ፤ ወዲያውም አፈረ። «እርስዎስ በስንት ቍጥር ነው የሚደረድሩት?» አላቸው።

«እኔ ቍጥር አላውቅም፤ በጣቴ ዳብሼ ነው። በጕልምስናዬ ከዚህ ይወፍር ነበር፤ አሁን እጄ ስለ ደረቀ አቀጠንሁት። በገናው አልተቈጣኝም።»

በእንግሊዝ አገርም በ1965 ቶኒ አዮሚ የሚባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቈረጠው። ጣቶቹም አውታር የሚጫንባቸው ነበሩ። እርሱ ግን ከቀለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቀጭን የጊታር አውታር ቢያጣ ባንጆ ከሚባለው መሣሪያ አውታር ወስዶ አሰረ፤ ኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ አቃና። ዓለም ያወቀው ያ ከባድ ድምፅ የወጣው ከዚህ ከቀጭኑ አውታር ነው።

ከፋሲካ በኋላ እጁ ዳነ፤ ጐልማሳውም ወደ ዐሥር ተመለሰ። ሥራው ግን አንድ ቀን አልፈጀም ማለት አይደለም። የጊታሩ አንገት ከባዱን ስቦት የነበረውን ኃይል ቢያጣ ወደ ኋላ ስለ ተለመጠ በውስጡ ያለውን ዘንግ ማላላት አስፈለገ። በሞረድ የሰፋውም ስንጥቅ ቀጭኑን አልይዝ አለ፤ ስለዚህ ከቄራ የበሬ አጥንት አምጥቶ ሌላ ቀረጸለት። ከሁሉ የከፋው እጁ ነበር፤ መታገል ስለ ለመደ ቀጭኑን ያለ ልክ እየተጫነ ድምፁን ከመስመሩ ያስወጣው ነበርና። ልስላሴን ለመማር አንድ ወር ያህል ፈጀ።

በግንቦት በጀሞ ሠርግ ነበረ፤ አንዲት አሮጊትም ትዝታ አዘዙ። አውታሩን ቀስ አድርጎ ገፋው፤ ድምፁም ተንሸራትቶ ከስፍራው ደረሰና ቆየ። አሮጊቷ በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። ሰኞ በሰዓቱ ከሥራው ተገኘ።

ከጊታሩ የወረደውን የዐሥራ ሦስት ቍጥር ሽቦ እናቱ ወስዳ የዶሮውን ቤት በር አሰረችበት፤ እስከ ዛሬ አልላላም።