ሮምን በአንድ ቀን፣ በእግር

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሮም የሚሄዱ እኩዮቼ «በአንድ ቀን ምን ልይ?» ይሉኛል። እኔ ከልጅ ልጄ ጋር የሄድኩበትን መንገድ እመክራለሁ።

መነሻው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። በአቅራቢያው፣ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ሐውልት አለ። ከዚያ በካቩር ጎዳና ቀስ እያሉ ሲወርዱ ኮሎሲየም ይደርሳሉ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ፖርታ ካፔና አደባባይን ያገኛሉ። በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልታችን የቆመው እዚህ ነበር። የልጅ ልጄ «አሁን የት አለ?» አለችኝ። «በ1997 አገሩ ገባ» አልኳት።

በነርስነቴ የምለው ይህን ነው፦ ፀሐይ ሳትበረታ ይነሱ። የስኳር ሕመም ካለብዎ ቁርስ ሳይበሉ አይውጡ፤ መድኃኒትዎም ከእጅ ቦርሳዎ አይለይ። መንገዱ ወጣ ገባ የድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ዝቅ ያለ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ከመንገድ ዳር ቧንቧዎች የሚጠጣ ውሃ በነፃ ይቀዳል። ሲመለሱ ጉልበትዎን አያስቸግሩ፤ አደባባዩ አጠገብ ካለው የቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ቴርሚኒ ሦስተኛው ፌርማታ ነው።

ቫቲካን ለሌላ ቀን ይቆይ። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ግን ታሪኩን ከአያቱ አፍ፣ እቦታው ላይ ቆሞ ይስማ።