አጥንት የለሿ

አማርኛችን ምላስን አምኖ አያውቅም። «ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል» ይላል። ነገረኛውን «ምላሰ ረጅም»፣ ቃሉ የማይጨበጠውን «ባለ ሁለት ምላስ» ብሎ ይጠራል። ያመለጠ ቃል እንደማይመለስ ሲያስተምርም «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል። ግጥም ለመጻፍ የሚሞክር ሰው እነዚህን አባባሎች ይወዳቸዋል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፦ ምላስ በእኛ ላይ የሠራችውን የሚቆጥር ተረት ሞልቶናል፤ እኛ በእሷ ላይ የሠራነውን የሚቆጥር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የምኖረው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በዲላ ነው። ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሸት ቡናው ሲቀላ ገንዘብ ከገጠር ወደ ከተማ ይወርዳል፤ እኔም ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ እቆጥረዋለሁ። በዚያ መስኮት ፊት ካለፉት ሰዎች አንድ አዛውንት ቡና አምራች ከልቤ አይጠፉም። አማርኛውን ከጌዴኦፋ እያዛነቁ ተረት የሚፈትሉ፣ ወረፋውን ለሰው ሁሉ የሚያሳጥሩ ሰው ነበሩ። ከጣታቸው ሲጋራ አይለይም፤ በገበያ ቀንም አረቄ ሳይቀምሱ ወደ ቀዬአቸው አይመለሱም።

አንድ ዓመት በምላሳቸው ጎን ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። «ጥርሴ ነክሶኝ ነው» አሉ። በቅቤ አሹት፤ በጤና አዳም አጠቡት፤ በአረቄ ተጉመጠመጡት። በተከታዩ የቡና ወቅት የመጡት ከልጃቸው ጋር ነበር። «ስንት ላውጣልዎት አባባ?» አልኳቸው እንደ ወትሮው። አፋቸውን በጋቢ ጫፍ እንደሸፈኑ ዝም አሉ። ቁጥሩን የተናገረው ልጃቸው ነው፤ ለአዲስ አበባ መንገድና ለሕክምና ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሻራቸውን አኖሩ። ያን ሁሉ ተረት የፈተለ ምላስ የገዛ ገንዘቡን መጠየቅ ተሳነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ደዌ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የአፍና የምላስ ካንሰር ዋነኞቹ መንሥኤዎች ትምባሆና አልኮል ናቸው። አልኮል በሰውነታችን ውስጥ፣ በአፋችንም ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት፣ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል፤ ይህም የሕዋሳትን የዘር ቅንጣት ይጎዳል። ከዚህም በላይ ለትምባሆው መርዝ በር ከፋች ይሆናል፤ የአፍን ስስ ሽፋን አልፎ እንዲገባ ይረዳዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው አይደመርም፤ ይባዛል። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የሚያስደነግጥ አረፍተ ነገር የለም።

በደቡቡ የሀገራችን ክፍል እናቶችና አባቶች የሚያጨሱት ጋያም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ጢሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ የነጻ ይመስላል፤ ውኃው ግን ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያወጣለትም። ስለ ጫት የተደረጉት ጥናቶች ገና አከራካሪ ናቸው። ነገር ግን ጫት ብቻውን መች ይመጣል? ከቅጠሉ ጋር ሲጋራው ይከተላል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ማታ ጨብሲው። አንዳንድ የምላስ ሥርና የጉሮሮ ካንሰር ደግሞ ሂውማን ፓፒሎማ በሚባለው ቫይረስ ይመጣል፤ ጢስም መጠጥም የማያውቀውን ሰው ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የታመመን ሰው ሁሉ በወቀሳ ማሰቃየት ተገቢ አይደለም።

ቡናችንስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ቡና ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ተቋሙ የጠረጠረው ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን ነው፤ እሱም ከጉሮሮ በታች ባለው የምግብ መውረጃ ካንሰር ምክንያት። እናም ጌዴኦ በቡናው አይፈር፤ ስኒው ጥቂት ይብረድ እንጂ።

ዕውቀት ብቻውን አያድንም። የሰውን ሥቃይ በንግግር ለማከም የተነሣው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 የአፍ ካንሰር ተገኘበት። በ1939 እስኪሞት ድረስ ከሠላሳ ጊዜ በላይ በቀዶ ሕክምና ተሠቃየ፤ ሲጋሩን ግን መተው አልቻለም። ስለዚህ ሕግም ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ከልክሏል። የቢራ ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወርዷል። አረቄ ቤቱ ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

አንባቢ ሆይ፣ በመስታወት ፊት ምላስህን አውጥተህ ተመልከት፤ ጎኖቿንና ሥሯንም እይ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት ወይም ድንዛዜ ካየህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። በጊዜ የተደረሰበት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል፤ የዘገየው ግን ቃልንም ጣዕምንም ይዞ ይሄዳል። ይህ የአፍ ወለምታ በእውነት በቅቤ አይታሽም።

አጥንት የለሽ እያልን ስናማሽ ስንከስሽ፣
ስንቱን መራራ ጢስ፣ ስንቱን እሳት ላስሽ፤
ቃልሽን ስንሰፍር ቁስልሽን ሳናየው፣
ዝም ያልሽ ዕለት ነው ዕዳችን የታየው።