ማትሪክና የእኛ ዘመን ልጆች

በ1970ዎቹ ማትሪክን፣ ማለትም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን፣ የተፈተነ ሰው ነጥቡን እስከ ዛሬ አይረሳም። በእንግሊዝኛ ምን፣ በሒሳብ ምን እንዳገኘ ዛሬም ብትጠይቁት ሳያመነታ ይነግራችኋል። መርሳትም አይችልም፤ ዕጣው በዚያች ወረቀት ተወስኗልና።

በዘመኑ መጀመሪያ አገሪቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሯት፤ አዲስ አበባና አሥመራ። ዓለማያ ከኮሌጅነት ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው በ1977 ነው። በዚያ ጠባብ በር ለመግባት የሚቆጠረው የአምስት ትምህርቶች ውጤት ነበር። ኤ አራት፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት እየተባለ ይደመርና ለአምስት ይካፈላል። ሁለት ነጥብ ያመጣ አለፈ ይባላል፤ ማለፍና መግባት ግን ለየቅል ነበሩ። የመግቢያ መቁረጫ ነጥቡ ከፍ ስለሚል አልፎ የሚቀረው ብዙ ነበር።

ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስንማር፣ ከደላንታ፣ ከወግዲና ከአምባሰል የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራዩ ነበር። ቆሎው፣ በሶውና ድርቆሹ በገበያተኛ እጅ ሰኞ ገበያ ይደርሳቸዋል። ስንቅ ሲዘገይ ከከተማ ልጆች ቤት እንጀራ ይቋደሳሉ። ሌሊቱን በኩራዝ ያነጋሉ። በስቴንስል የተባዛ የቀድሞ ዓመት ፈተና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ፣ በመጨረሻ ጽሑፉ እስከማይነበብ ድረስ ያልቃል።

ያንን ፈተና ዛሬም የማከብርበት ምክንያት አለኝ። የባለሥልጣን ልጅና የአራሽ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይቀርብላቸው ነበር። በእርሳስ የጠቆረችውን መልስ የሚያነበው ማሽን ያባትህ ስም ማነው ብሎ አይጠይቅም። አማላጅ አያውቅም፣ እጅ መንሻም አይቀበልም። ዘመድ የሌለው ልጅ ተስፋ ያደረገው በዚህ ነበር፤ ብዙዎቻችንንም ከገጠር አውጥቶ ለወግ ለማዕረግ ያበቃን ይኸው ነው።

ግን ከጎኔ ይቀመጥ የነበረውን የደላንታ ልጅ አስታውሳለሁ። ሒሳብ ሲከብደን የምንሄደው ወደ እሱ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ በምንማርበት ሥርዓት፣ እሱ ደህና የእንግሊዝኛ መምህር ያገኘው ደሴ ከመጣ በኋላ ነበር። ማትሪክ ደግሞ ከአማርኛው በቀር በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀው። ፊዚክሱን እያወቀ ጥያቄው አልገባውም። ውጤት ሲመጣ መቁረጫው ላይ ሳይደርስ ቀረ። እኔ ገባሁ።

በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ የአንድ ነጥብ ክፋይ የሞትና የሕይወት ያህል ከበደች። ዩኒቨርሲቲ የገባው በትምህርቱ ይቀጥላል፤ ያልገባውን ቀበሌው ስሙን መዝግቦ ይጠብቀዋል። ጓደኛዬ ከዚያ ተርፎ በመምህራን ማሠልጠኛ አለፈና ባገሩ ሒሳብ አስተማረ። ካስተማራቸው ልጆች መሐንዲስና ሐኪም የሆኑ አሉ። ለዩኒቨርሲቲ አይመጥንም የተባለ ሰው ለዩኒቨርሲቲ የሚመጥኑ ልጆችን አፈራ። ባንጻሩ ከእኛ ጋር በትልቅ ነጥብ ከገቡት መካከል የአንደኛ ዓመቱን ትምህርት ሳይዘልቁት የተመለሱ ነበሩ።

ያ ማትሪክ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከአርባ በላይ ሆነዋል። በ2008 እሱን የተካው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝና እንደገና ሲሰጥ፣ እኛ የምናውቀው እምነት እንደተናደ ተሰማኝ። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉን የደገፍኩትም ለዚህ ነው። ኩረጃው ሲገታ ግን ያልጠበቅነውን እውነት አየን። ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ።

አንድም ተማሪ ያላለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ ጎበዝ አልነበረም ማለት ነው? ይህን ማንም መምህር አያምንም። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ መምህር በየወሩ በሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት አርባ አምስት ያመጣ ልጅ፣ ሁሉ ተሟልቶለት ስልሳ ካመጣው ሊበልጥ ይችላል። ነጥቡ የወረቀቱን ይናገራል፤ ልጁ እስከ ወረቀቱ የመጣበትን መንገድ አይናገርም።

ይህን ስል ግን ፈተናው ይቅር አልልም። ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ማርክ ብቻ ይታይ ቢባል፣ በማግሥቱ ማርክ እንደ ሸቀጥ ይቸበቸባል፤ የሚጎዳውም ያው የድሃ ልጅ ነው። ፈተናው ጥብቅ ይሁን፣ አይሰረቅ፣ አይሸጥ። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ማለቱ የመንገዱ ልዩነት እንደሚታወቅ ያሳያል። ይህ አስተሳሰብ አንድ እርምጃ ይራመድ፤ ተማሪው ከመላ አገሪቱ ልጆች ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ትምህርት ቤቱ ልጆች ጋርም ይመዘን። በዚያው በብሔራዊ ፈተና ከትምህርት ቤቱ ቀዳሚ የሆነ ልጅ፣ ግማሹ ባይሞላለትም፣ የማካካሻ ትምህርት እየተሰጠው ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ቦታ ይቀመጥለት።

እኛ ማትሪክ ያሳለፈን ሰዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየምክር ቤቱ ወሳኝ ቦታ ላይ ነን። ያለፍነው ከቀሩት ሁሉ ስለበለጥን እንዳልሆነ እናውቃለን። የምናውቀውን በምንወስንበት ወንበር ላይ ሆነን እንናገር።