ከተሳቢው ሥር

ይህን የምጽፈው መንገድ ዳር ከመኪና ሥር ተኝተው ለሚሠሩ ልጆች፣ ለሚያሠሯቸው አለቆችና አጠገባቸው ቆመው ለሚያጣድፉ ባለንብረቶች ነው። ነገሩ የደረሰብኝ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሰባተኛ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ያኔ የመካኒክ ረዳት ነበርኩ። ዛሬ በሕይወት አለሁ፤ እዚያው ሰፈር እሠራለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አውቶቡስ ተራን ሰው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የሩቅ አገር ተሳፋሪ ሲጠራ፣ ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወጣ። አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ ሰፈሩ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል፣ በያጁ መነጽሩን ያጠልቃል፣ መካኒኩ ካርቶን ዘርግቶ መኪና ሥር ይገባል። ብዙዎቻችን ግቢ የለንም። መኪና ከላይ ቆሞ ሰው ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድማ ከየት ይመጣል! ጋራዣችን መንገዱ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ፒክአፕ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። ተሳቢው ጠፍጣፋ፣ እዚሁ አገር የተበየደ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ባለ ሁለት አክስ ነበር። በላዩ መርካቶ ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ የሚሄድ ጄኔሬተር ተጭኗል። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርስ ተጠጋግተው ሊነካኩ ደርሰዋል፤ የፊተኛው በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ሽቦው ታይቷል። ባለንብረቱ ጎማ አስቀይሮ ሊሄድ ነበር የመጣው። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የጎማ ነገር አይደለም፣ ከሥር ነው» አለው።

የሥራውን ጠባይ ለማያውቅ ላስረዳ። እንዲህ ባለ ተሳቢ ላይ በየጎኑ ሁለት ባሊስትራ አለ፤ አንዱ ለፊተኛው አክስ፣ አንዱ ለኋለኛው። በሁለቱ መካከል ከሻንሲው የተንጠለጠለ፣ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚል ብረት አለ። የፊተኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይህ ብረት ሸክሙን ለኋለኛው ያካፍላል። ብረቱም ባሊስትራዎቹም የተያዙት በፔርኖ ነው፤ በፔርኖውና በቀዳዳው መካከል ደግሞ ቦኮላ ይገባል። ግራሶ ያላየ ቦኮላ ያልቃል። ቦኮላው ሲያልቅ ፔርኖው ራሱ መበላት ይጀምራል፣ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል ይሆናል፣ አክሱ ከቦታው ይሸሻል። እኛ ስናየው የመካከለኛው ፔርኖ ግማሹ ተበልቷል፤ የፊተኛው ባሊስትራ ዋናው ቅጠል ተሰንጥቋል። ያ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢይዝ ምን ሊሆን እንደሚችል ለሹፌር መንገር አያስፈልግም።

ዕቃው ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ መጣ። አለቃዬ አሮጌውን ባሊስትራ ለናሙና አሸክሞኝ ሄድን፤ የቅጠሉን ብዛት፣ ርዝመቱን፣ የጆሮውን ስፋት እያስተያየን መረጥን። ባለንብረቱ የቀኙ ብቻ ይቀየር ብሎ ነበር። አለቃዬ አንድ ወገን አዲስ አንድ ወገን ደካማ ሆኖ ተሳቢ ቀጥ ብሎ አይሄድም ብሎ ተከራከረውና የግራውም ተገዛ። የዋጋ ክርክሩ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ሰዓቱ ያለፈው እዚያ ላይ ነው። ስንመለስ ባለንብረቱ በየደቂቃው ስልክ ይደወልለት ነበር፤ የሕንፃው ሠራተኞች ጄኔሬተሩን ይጠብቃሉ። ጄኔሬተሩን ለማውረድ ክሬን መጥራት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሰዓት ነው። እንደተጫነ ይሠራ ተባለ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ፒክአፑ ማርሽ ገብቶለት ከተሳቢው ጋር እንደተያያዘ ቆመ፣ ለግራ ጎማዎቹ የድንጋይ ታኮ ተደረገላቸው፣ ክሪኩ ጣውላ ተነጥፎለት ከቀኙ ሻንሲ ሥር ገባ። ተሳቢው ተነሳ። ሁለቱን የቀኝ ጎማዎች ፈትቼ ወደ ጎን አስቀመጥኳቸው። ካርቶኔን ዘረጋሁ፣ መዶሻና መሮ ያዝኩ።

ከእኛ ቀጥሎ የሚሠራው ጎሚስታ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። የኤርትራ ድንበር ሳይዘጋ፣ በፊያት ከነተሳቢው የአሰብን መስመር የነዳ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። የሰው ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ቀኑን ሙሉ ከጎማው ጋር ነው። ያን ጊዜ ግን ጎማ ሲለጥፍ ከነበረበት ቀና አለ።

«ማን ነው የሚገባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምን ይዞልህ ነው የምትገባው?»

«ክሪኩ አለ። አምስት ቶን ያነሳል።»

«ማንሳቱን ማን ካደ? መያዙን ነው የጠየቅኩህ።»

አለቃዬ፣ «ጋሼ፣ የትንሽ ደቂቃ ሥራ ነው እኮ» አለው። ጋሼ አልመለሰለትም። ተነስቶ ከፈታኋቸው ጎማዎች አንዱን እያንከባለለ መጣና ከሻንሲው ሥር አጋደመው። ሁለተኛውን ከላዩ ደረበ። ሻንሲው ገና አልነካውም፤ ከራሱ ቦታ አንድ ወፍራም ጣውላ አምጥቶ ጨመረበት። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ሲቀር ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የት ጋ እንደምተኛ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ጎማዎቹን ትንሽ ገፋ አድርጎ ወደዚያው አቀረባቸው። ከአክሱ ሥር ለምን እንዳላደረጋቸው ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል። አክሱ ሊፈታ ነው፤ የሚፈታ ነገር ሰው ሊያድን አይችልም። የማይፈታው ሻንሲው ነው።

ባለንብረቱ ሰዓቱን አየ። ጋሼ ግን ሻንሲውን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «በል ግባ» አለኝና ወደ ጎማው ተመለሰ። ይህ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስን ያህል ጊዜ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ የኖርኳቸው ዓመታት ሁሉ የተወሰኑት በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

ገባሁ። የኋለኛው ባሊስትራ ሳይቸግር ወጣ። የፊተኛውን የኋላ ጫፍ ፈታሁ፤ አክሱ ከሥሩ ባጋደምኩት ግንድ ላይ አረፈ። የቀረው የመካከለኛው ፔርኖ ነበር፤ ዝገት ይዞታል። መሮውን ደግፌ በመዶሻ መምታት ጀመርኩ። በመታሁ ቁጥር ተሳቢው ይነቀነቅ ነበር። መነቅነቁ እስከ ክሪኩ እግር ድረስ ይሄዳል። በክሪኩ እግር ሥር ደግሞ ጣውላው፣ በጣውላው ሥር ኮብልስቶኑ፣ በኮብልስቶኑ ሥር ዝናብ ያጠበው አሸዋ አለ። በኋላ ሲታይ አንዱ ድንጋይ ተነቅሎ በጎኑ ዞሮ ተገኝቷል።

ክሪኩ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። ጄኔሬተሩን የተሸከመው ሻንሲ ወርዶ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጠ። ጣት ያህል ወረደ፣ ጎማዎቹን ትንሽ ጨፈለቀ፣ ወደ ጎን ተንሸራተተና ቆመ። ባሊስትራው ባልተፈታው ጫፉ ላይ ተሽከርክሮ፣ አክሱም ከግንዱ ተንከባሎ፣ ግራ ክንዴን ከመሬት ጋር ያዙት። ፈራሁ። ከደረቴ በላይ የነበረው ክፍተት ግን እንዳለ ነበር፤ እተነፍስ ነበር።

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ፤ ከአውቶቡስ ተራ ሻንጣ የሚጭኑ ልጆች ቀድመው ደረሱ። እግሬን ይዘው ሊስቡኝ ሲሉ የጋሼ ድምፅ መጣ። «እንዳትጎትቱት! ልቀቁት!» በሆዱ ተኝቶ ከጎኔ ገባ። ክንዴ የት ጋ እንደተያዘ አየ። ጣቶቼን እንዳንቀሳቅስ ጠየቀኝ፤ አንቀሳቀስኩ። «ጥሩ ነው፣ እዚሁ ነኝ» አለኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው በእሱ ትእዛዝ ነው የሆነው። ከጎረቤት ሌላ ክሪክ መጣ። ጭቃው ተጠርጎ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ላሜራ ተነጠፈ። ሻንሲው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጣውላ ይጨመራል፤ ጣውላ ሳይገባ ክሪኩ ደግሞ አይረገጥም። አንዱ ልጅ ሊያፋጥን ሲል ጋሼ በስሙ ጠርቶ ገሠጸው። በመጨረሻ ልጆቹ አክሱን በእጃቸው ከፍ አደረጉት፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከነካርቶኔ ሳቡኝ። የክንዴ አጥንት ተሰብሯል። ሌላ የተጎዳ ነገር አልነበረኝም። በሚኒባስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰዱኝና ክንዴ በጀሶ ታሰረ።

ሥራው በማግሥቱ አለቀ። ጄኔሬተሩ በክሬን ወረደ፤ በባዶ ተሳቢ ላይ የሁለቱም ወገን ባሊስትራ፣ ቦኮላና ፔርኖ ተቀየረ። ባሊስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም አዲስ ሆኑ፤ አሮጌ ብሎን አንዴ ስለተሳበ ሁለተኛ አይታመንም። ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ዳዶዎቹን እንደገና እንዲያስጠብቅ ለባለንብረቱ ተነገረው፤ ተመለሰም። አለቃዬ ለበያጁ ነግሮ ከወፍራም ቱቦ አራት የብረት መቆሚያ አሠራ። እስካሁን እንሠራባቸዋለን።

እናቴ ጋሼን ልታመሰግን መጥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛትና፣ «እመቤቴ፣ ተይ፣ ልማድ ነው» አላት። እኔ ክንዴን በጨርቅ አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። እኔን አየት አድርጎ፣ «ጣውላዬን ግን አልመለሳችሁልኝም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ተሳቢው ላይ ተጭኖ ሄዷል። አዲስ ገዝቼ ሰጠሁት።

ክንዴ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ያመኛል እንጂ መዶሻ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባሊስትራ ቀይሬያለሁ፣ አሁን ረዳት አለኝ። ልጁ ከመግባቱ በፊት የምጠይቀው ጋሼ የጠየቀኝን ነው። ክሪኩ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ስንት ቶን ያንሳ አልጠይቅም። ክሪክ ዘይት ሊያፈስ፣ መሬት ሊሸሽ፣ መዶሻ ሊያናውጠው ይችላል። ጭነቱ የሚወርድ ከሆነ ይውረድ። በዝናብ ማግሥት ኮብልስቶን ላይ ክሪክ የምትተክሉ፣ ሰፋ ያለ ላሜራ ከሥሩ አንጥፉ፤ ድንጋዩንም በእግራችሁ ረግጣችሁ ሞክሩት።

ባለንብረቶችንም አንድ ነገር ልለምን። ተሳቢያችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ጥድፊያችሁን እናውቃለን፤ ስልኩ ሲደወል እንሰማለን። ልጁ ራሱ ላይ ቆማችሁ ቶሎ በል ከምትሉት ግን፣ የፈታውን ጎማ እናንተው አንከባላችሁ ከሻንሲው ሥር አስገቡለት።