የአያት ገመድና የልጅ ልጅ ንድፍ

ሰው ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ወደ መቃብር እስኪወርድ ድረስ ከቤት አይለይም። በቤት ይወለዳል፤ በቤት ይዳራል፤ በቤትም ይለቀስለታል። ነገር ግን የሚኖርበትን ቤት ማን እንደ ሠራው፤ በሩንስ ስለ ምን ወደዚህ እንዳዞረው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም የቤት ሠሪ ልጅና የቤት ሠሪ የልጅ ልጅ ሆነን ሳለን ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነውም የራሳችንን ስሕተት ለአንባቢ ለመግለጽና ከእርሱ ያገኘነውን ትምህርት ለማካፈል ነው።

ትውልዳችን በመንዝ ነው። መንዝ ነፋሱ ብርቱ፤ ሌሊቱም ውርጭ የሆነ ደጋ ነው። አያታችንና አባታችን መሬታቸውን እያረሱ፤ በበጋ ጊዜ ደግሞ የሰው ቤት ይሠሩ ነበር። የሚሠሩትም ቤት ክብ ሆኖ፤ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተካበ፤ ውፍረቱ ከክንድ የሚበልጥ፤ ክዳኑም የጓሳ ሣር ነበረ። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የፀሐዩን፤ ማታም የምድጃውን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ለቤተ ሰቡ ይመልሳል። ክዳኑ ሹል ሆኖ ስለሚወርድ ዝናምና በረዶ አያድርበትም፤ የምድጃው ጢስም በሣሩ ውስጥ እያለፈ ስለሚወጣ ተባይ አይደፍረውም።

የጓሳውም ሣር ማንም እንደ ወደደ የሚያጭደው አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ባለው በጓሳ ሜዳ ላይ ቄሮ የሚባል የአባቶች ሥርዐት ነበረ። በዚህ ሥርዐት ሜዳው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ በተዘጋበትም ዘመን ከብት አይገባበትም፤ ማጭድም አያርፍበትም። ሣሩ ሲደርስ ባለ መብቶቹ ተማክረው ይከፍቱታል። ሥርዐቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፤ ሜዳው ዛሬም በአገሬው ሰው ጥበቃ ሥር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። እኛ ሕግ በመዝገብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ይመስለን ነበር፤ ለካ ተወልደን ባደግንበት ቤት ክዳን ላይ ሕግ ኖሯል።

አባታችን ሥራ ሲጀምሩ ከአያታችን የወረሱትን፤ በየክንዱ ቋጠሮ ያለውን የጠፍር ገመድ ያወጣሉ። ካስማ ተክለው ገመዱን ያስሩና እየዞሩ በጫፉ መሬቱን ይጭራሉ፤ ቤቱም ገና ሳይሠራ በመሬት ላይ ተጽፎ ይታያል። ነገር ግን ካስማውን ከመትከላቸው በፊት የቤቱን እመቤት ጠርተው ሦስት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ «ነፋሱ በየት ይመጣብሻል? እንስራሽን ተሸክመሽ በየት ትገቢያለሽ? ከቤታችሁስ ሽማግሌው ወይም ሕመምተኛው የት ይተኛል?» ባልየው «ከፋዩ እኔ ስሆን ስለ ምን እርሷን ትጠይቃለህ?» ያላቸው እንደ ሆነ፤ «ጌታዬ፤ እርስዎ የሚውሉት በእርሻ ነው፤ በቤቱ የምትውለው እርሷ ናት» ብለው ይመልሱ ነበር። ካቡም ከወገብ ሲደርስ ረጅም የጽድ እንጨት በድንጋዩ መካከል ያስተኛሉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ወገቡን ያልታጠቀ ግድግዳ ይሰነጠቃል» አሉን።

እኛ በሰባት ዓመታችን ከቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ገብተን ፊደል ቈጠርን፤ ዳዊትም ደገምን። ከዚያ በኋላ አባታችን ወደ ከተማ ይዘውን ወርደው በአንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡን። በምዝገባው ቀን መምህሩ «የአባትህ ሥራ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከኋላችን የተሰለፉት ልጆች በአባታችን እጅ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያዩ ሲሣሣቁ ሰምተን ነበርና «ገበሬ» ብለን መለስን። አባታችን ማረሳቸው እውነት ነው፤ ሐሰቱ ሌላውን ሥራቸውን መሰወራችን ነው። እርሳቸው ሰሙ፤ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ብቻ ወደ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ አፍን ይከለክል ይሆናል፤ ልብን ግን ባለቤቱ ካልከለከለው ማን ይከለክለዋል? እኛ ማንም ሳያስገድደን አባታችንን በገዛ ልባችን ሰደብናቸው። ኋላም እንጀራችን በፍርድ ቤት የምስክር ቃል መጻፍ ሆነ። ምስክር እውነቱን ሊናገር ሲምል በሰማን ቁጥር፤ በዚያ ቀን የሰጠነው ቃል ትዝ እያለን ብዕራችን ይከብደን ነበር።

እግዚአብሔር ሴት ልጅ ሰጠን። ይህች ልጅ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ አያቷ ትሄድ ነበር። በክረምት በምድጃው ዳር ተቀምጣ አያቷ ስለ ሠሯቸው ቤቶች ትሰማለች፤ በጥር ዕረፍት ደግሞ የገመዱን ጫፍ ትይዝላቸዋለች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች ጊዜ እኛ ሕግ እንድታጠና አሰብን፤ እርሷ ግን የቤት ንድፍ መማር እንደምትፈልግ ነገረችን። ተቈጥተን «እኛ ከጭቃ ያወጣንሽ፤ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢበት ነውን?» አልናት። እርሷም ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ «አባባ፤ እርስዎ ያደጉበት ቤት እኮ ከዚያው ጭቃ የወጣ ነው» አለችን። አባታችን በዚያ ቀን በእንግድነት ከቤታችን ነበሩ። ዳግመኛ ሰሙ፤ ዳግመኛም ዝም አሉ። ማታ ግን ገመዱን ከከረጢታቸው አውጥተው ለልጃችን ሰጧት። እኛም ከዚያ በኋላ ልንከለክላት አልቻልንም።

በአዲስ አበባ ልደታ ወደሚገኘውና በፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 ከስዊድን መንግሥት ጋራ በመተባበር ወደ ተመሠረተው የሕንፃ ትምህርት ቤት ገብታ ትምህርቷን ጀመረች። አንድ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋራ ወደ ላስታ ሄዳ፤ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን አይታ ተመለሰች። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የቆመ ነው። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ መሆኑን፤ የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም እንጨት ሳይኖርበት ያንኑ መልክ ይዞ ከአለት እንደ ተፈለፈለ ከነገረችን በኋላ፤ «አያቴ ወገቡን ያስታጥቁት የነበረው ግድግዳ የዚህ ዘመድ ነው» አለችን። አባታችን የሠሩትን ግድግዳ በአክሱም አጠገብ ሲጠራ ስንሰማ ይህ የመጀመሪያችን ነበር።

ከተመረቀች በኋላ አባታችን ጉልበታቸውን ታመው ደፍ መሻገር ስለ ተሳናቸው፤ ለእርሳቸው የሚሆን አንድ ቤት እንድትነድፍ ለመንናት። ፕላኑን ይዘን መንዝ ወረድንና በመደቡ ላይ ዘረጋነው። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ጽሕፈት ስናነብ የኖርን ሰዎች ያንን ወረቀት ብናገላብጠው መሥመር ብቻ ሆነብን። ፊደል ያልቈጠሩት አባታችን ግን ጥቂት ተመልክተው ጣታቸውን በበሩ ላይ አኖሩና «ልጄ፤ ይህ በር የሐምሌን ነፋስ ይቀበላል» አሏት። እርሷም አየችው፤ ወዲያው እርሳሷን አውጥታ በሩን ወደ ምሥራቅ አዞረችው። ለክዳኑ ጓሳ እንደ ልብ ስለማይገኝ ቆርቆሮ መረጠች፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ አያቷ ባሳሰቧት ጊዜ ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስ ጨመረች። በዚያ ቀን በዚያ ቤት ማንበብ የማይችለው ሰው እኛ ነበርን።

አባታችን በዚያ ቤት ሁለት ክረምት ተቀምጠው ዐረፉ። ከተዝካሩ በኋላ የወራሽነት ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። በገዛ ጉዳያችን ላይ ብዕር ማንሣት አይገባንምና ሌላ ጸሐፊ ቃላችንን ተቀበለ። «የሟች አባትዎ ሥራ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። «ቤት ሠሪ» አልነው። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ባለ ጉዳዮች ዘወር ብለው ተመለከቱን። አባታችን በዚህ ጊዜ ሊሰሙን አልቻሉም፤ ሐዘናችንም ይህ ነው።

ልጃችን ዛሬ በአዲስ አበባ የቤት ንድፍ በማውጣት ትተዳደራለች። ገመዱ ከጠረጴዛዋ በላይ ተሰቅሏል። ቤት ሊያሠሩ ለሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ የምታቀርበው ጥያቄ ስለ ፎቁና ስለ መስተዋቱ አይደለም። እንስራው ቀርቶ ቧንቧ ስለ መጣ «ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢሉን ይዘው በየት ይገባሉ?» ትላለች እንጂ፤ የነፋሱና የሽማግሌው ጥያቄ እንደ አያቷ ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አባትህ በእጁ የሠራ ሰው እንደ ሆነ፤ ልጅህም ያንን ሥራ በወረቀትና በእርሳስ ሊከተል ቢወድ፤ ወደ ኋላ የተመለሰ አይምሰልህ። አባትህ በሕይወት ሳለም ሥራውን በስሙ ጥራለት፤ እርሱ እየሰማ።