ማን አደረገው?

የልጄ ጥያቄ እንደ ብዙ ልጆች «ለምን?» አይደለም፤ «ማን አደረገው?» ነው። አምስት ዓመቷ ነው። አፏን የፈታችው እዚሁ በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ሸርቆሌ ስለሆነ ግማሹን ወሬዋን በአማርኛ፣ ግማሹን ከጎረቤት ልጆች በለቀመችው የበርታ ቋንቋ ታወራዋለች። ማንጎውን ማን ተከለው? ጨረቃን ማን ሰቀላት? ሴቶቹ ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ የሚለቅሙትን ወርቅ ማን ቀበረው?

እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት የዚህ ዓይነት ጥያቄ መልሱ አጭር ነበር፤ «እግዜር ነዋ!» ከዚያ ወዲያ የሚቀጥል ልጅ ነገረኛ ይባላል። እኔም ያንኑ መልስ ለልጄ አወረስኳት። ከሃይማኖተኛነት የመጣ ነው ብል እዋሻለሁ። ደክሞኝ ስገባ «እግዜር» የጥያቄዋ ክዳን ነበር፤ ገጠም አደርገውና ወደ ሻዬ እመለሳለሁ።

ነገሩ የተቀየረው በጎረቤታችን ልጅ ሰበብ ነው። ጎረቤቶቻችን በርታ ናቸው፤ በርታ ደግሞ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚኖር ሕዝብ ነው። የልጄ ጓደኛ የሆነችው የጎረቤታችን ልጅ፣ የአክስቷ ልጅ ከሱዳን ወገን፣ ከኩርሙክ አካባቢ ሸሽቶ መጥቶ እዚሁ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ይኖራል። አያታቸው አንዲት ናት። ገንፎውን በባሚያ ወጥ አጥቅሰው የሚበሉት አንድ ዓይነት ነው። ሲጣሉ እንኳ የሚሰዳደቡት በአንድ ቋንቋ ነው። እሱ ግን የራሽን ካርድ አለው፣ እሷ የላትም። ልጄ መጀመሪያ ካርዱ ለሚወደድ ልጅ የሚሰጥ መስሏት እሷም እንዲኖራት ጠይቃኝ ነበር። በኋላ ምን እንደሆነ ከልጆቹ ሰምታ መጣች፤ «አባዬ፣ እሱን ማን ነው ስደተኛ ያደረገው?»

አፌ በልማዱ «እግ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። እግዜር አይደለማ! ይህንንስ እግዜር አላደረገውም።

ያን ማታ የቻልኩትን ያህል ነገርኳት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ወረቀት ፈርመው የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ተስማሙ። ከዚያ ግዊን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን መጥቶ መስመሩን በምድር ላይ እየተዘዋወረ ምልክት አደረገበት። «በርታዎቹ ነበሩ?» አለች። ሲፈረም አልነበሩም። «የጓደኛዬስ አያት?» እሷም ገና አልተወለደችም። ከዚያ የሱዳንን ጦርነት ነገርኳት። በ1989 ዓ.ም. ኩርሙክ በውጊያ ስትያዝ ሰው ወደዚህ ሸሸ፤ የሸርቆሌ ካምፕም የተከፈተው ያኔ ነው። ነሐሴ 2003 መጨረሻ ላይ የሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ውስጥ እንደገና ጦርነት ተነሣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ደግሞ ካርቱም ላይ ሁለት ጄኔራሎች ተጣሉ። «ስማቸው ማን ነው?» አለች። ቡርሃንና ሄሜቲ አልኳት። ሁለቱን ስሞች ደጋግማ እያለች እንቅልፍ ወሰዳት።

አልደነገጠችም። እኔ የፈራሁት መደንገጧን ነበር። ልጅ የሚፈራው ማን እንዳደረገው የማይታወቀውን ነገር መሰለኝ፤ ባለቤት ያለው ጥፋት ይቀለዋል። (ለትልቅ ሰውም ሳይሆን አይቀርም።)

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆች ዓለምን እንዴት እንደሚረዱ የሚተርክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1926 አሳትሞ ነበር። የጄኔቫ ሕፃናትን ሐይቃቸው ከየት እንደመጣ ሲጠይቃቸው ሰዎች እንደቆፈሩት ነገሩት። ለትንሽ ልጅ ተራራውም ሐይቁም የሰው እጅ ሥራ ነው። ፒያዤ ይህን ልጁ ሲያድግ የሚተወው አስተሳሰብ አድርጎ ነው ያየው፤ ስለ ጄኔቫ ሐይቅ ልክ ነው። የእኛን ክልል ልጅ ቢጠይቅ ግን ምን ይል ነበር? ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ጉባ ላይ፣ ሰው የሠራው ሐይቅ አለ። ንጋት ይባላል፤ ውሃውን የያዘው ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ልጄ በቴሌቪዥን አይታ «ማን አደረገው?» ስትለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኩራት «ሰዎች!» አልኳት። የሚገርመው ያው የ1894ቱ ወረቀት ስለ ዓባይም የሚናገር መሆኑ ነው፤ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ ወንዙን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አለው፤ በትርጉሙ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህን ግን ለልጄ አልነገርኳትም፤ ለእናቷ ነገርኳት፤ እሷም «ተወና እራት ብላ» አለችኝ።

ሰው ነው የሠራው ማለት ግን ዋጋ አለው። እግዜር ካሉ ጥያቄው ያልቃል፣ ሰው ካሉ ይጀምራል። «የትኛው ሰውዬ?» አለች። ብዙ ሺህ ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጁም ኢንጂነር ስመኘው በቀለ አልኳት። «አሁን የት ነው?» ሐምሌ 19 ቀን 2010 አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ሐይቁ መሙላት የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ሞቷል አልኳት። «ውሃውን ሳያይ?» ሳያይ። «ውሃው የገባበት ቦታ ላይ የነበሩት ሰዎችስ?» ይህን ማንም አላስተማራትም። እዚያ የነበሩት ጉሙዞች መንደራቸውን ለቀው ሌላ ቦታ እንደሰፈሩ ነገርኳት። በኩራት የጀመርኩት መልስ እዚህ ደርሶ ድምፁ ቀነሰ።

እናቴ ለልጄ የምሰጣትን አዲስ መልስ በስልክ ሰምታ ተቆጣች። «ልጅቷን እግዜር የለሽ አታድርጋት!» አለችኝ። ተሳስታለች። ዝናቡን፣ ጨረቃዋን፣ አሸዋ ውስጥ ያለውን ወርቅ አሁንም እግዜር ነው የምላት። ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው፤ ጦርነቱን፣ ስደቱን፣ ረሃቡን ሁሉ እሱ ላይ ስንከምር የሰዎቹን ስም እየሰወርን ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ «እሱስ እውነትህን ነው» አለች፤ ወዲያው ግን ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ አዞረችው።

አሁን ያለንበት ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሰዎች ካደረጉት፣ ሰዎች መልሰው ሊያፈርሱት ይችላሉ ወይ? ይቻላል አልኳት፤ ሆኖም ያውቃል። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ታጣቂ ሰላም ፈርመው፣ ከዚህ ካምፕ ብዙ ሰው እየተጫነ አገሩ ገብቷል። ከዚያ እንደገና ተዋጉና ሰዎቹ ወደ ካምፑ ተመለሱ።

«እንግዲያ ደግመው ይፈርሙዋ!»

ሁለቱ ጄኔራሎች አልተገናኙም አልኳት።

«ስልክ የላቸውም?»

አላቸው አልኳት።