ማን ከፈለልኝ?

ቨርጂኒያ ያለው የእኛ ሰው አውቶቡስን የሚያየው እንደ ጊዜያዊ ችግር ነው። አዲስ የመጣ ሰው ቢሳፈር ደንብ ነው፤ ሁሉም ተሳፍሮ አልፏል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ፌርማታ ላይ ቆሞ ከተገኘ ግን በመኪና የሚያልፍ ዘመድ ፍሬን ይይዛል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምነው በሰላም? መኪናህን ምን ነካት?» ይላል። መኪናዬ ደህና ናት፤ ቤቴ ደጃፍ ቆማለች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ ይከፈልበታል፣ የከተማው አውቶቡስ አይከፈልበትም፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዘመዶቼ ግን ነጻ የሆነ ነገር አይዋጥላቸውም። ነጻ ስልክ፣ ነጻ ምርመራ፣ ነጻ የሙከራ ወር እየተባሉ ብዙ ጊዜ የከፈሉ ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ከሁሉም በላይ የተጠራጠሩትን እናት ያየሁት ሳውዘርን ታወርስ ነው። ሳውዘርን ታወርስ የሐበሻ ታክሲዎች ተደርድረው የሚያድሩበት፣ አምስት ረጃጅም ፎቆች ያሉት ግቢ ነው። እናትየው ነጠላቸውን ከወፍራም የክረምት ጃኬት በላይ ደርበው ገቡ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ እንደመጡ ያስታውቃል። ከመቀነታቸው ጫፍ የታጠፈች ዶላር ፈትተው ለሾፌሩ ዘረጉለት። ሾፌሩ ያገራችን ልጅ ነው።

«አይከፈልም እማማ፤ ይግቡ።»

«እንዴት አይከፈልም?»

«ነጻ ነው።»

«ማን ከፈለልኝ?»

«ከተማው።»

«ከተማው ማነው ልጄ?»

ሾፌሩ ስቆ በሩን ዘጋ። እናትየው ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ዶላሯን ግን ወደ መቀነቱ አልመለሷትም። እስኪወርዱ ድረስ እጃቸው ውስጥ ጨብጠዋት ነበር። ተቆጣጣሪ ድንገት ቢገባ ብለው ይመስለኛል።

እኔን ያስቸገረኝ ጥያቄያቸው ነው። ሾፌሩ የሳቀው ጥያቄው የዋህ መስሎት ይሆናል፤ የከተማው ምክር ቤት ግን በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ የሚጨቃጨቀው በዚሁ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አውቶቡሱም የሚሄደው በእሱ ነው።)

አሌክሳንድሪያ ዋሽንግተንን በዕድሜ ትበልጣለች፤ የተቆረቆረችው በ1749 ነው። አዲሲቱ ዋና ከተማ ስትከለል ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው መሬት አሌክሳንድሪያን ጨምሮ ወደ ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ (ዲሲ) ተጠቃለለ፤ በ1840ዎቹ ደግሞ ለቨርጂኒያ ተመለሰ። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የተላለፈች ከተማ ድንበሯን አጥብቃ ብትይዝ አይገርምም። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ከተማ የካውንቲ አካል አይደለም፤ ግብሩም፣ ፖሊሱም፣ ትምህርት ቤቱም ለብቻው ነው። ሳውዘርን ታወርስ የቆመበት ከፍታ እስከ 1952 ድረስ የፌርፋክስ ካውንቲ ነበር። በዚያ ዓመት አሌክሳንድሪያ በስተምዕራብ ሰፊ መሬት ከፌርፋክስ ቆርሳ ወሰደች። ባትወስድ ኖሮ የእናትየው ዶላር ሳጥን ትገባ ነበር፤ የፌርፋክስ አውቶቡስ ያስከፍላል።

ከአውቶቡሱ በፊት ሐዲድ ነበር። በ1892 ከአሌክሳንድሪያ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ወዳለበት ወደ ማውንት ቨርነን የኤሌክትሪክ ባቡር ተዘረጋ፤ በ1896 ዋሽንግተን ገባ፤ በ1932 ተዘጋ። ገበያውን መኪናና አውቶቡስ ወስደውበታል። በሰፈራችን ከነበሩት የግል የአውቶቡስ ድርጅቶች ዋነኛው ስሙን ከሦስት ቦታዎች የወሰደ ነው፦ አሌክሳንድሪያ፣ ባርክሮፍትና ዋሽንግተን። ባርክሮፍት ዛሬ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት የኮሎምቢያ ፓይክ ሰፈር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሰመረው መስመር እንጀራ ቤቶቻችን ከሚገኙበት ጎዳና ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቤት ኪራይ የሚቀንሰውና ስደተኛ የሚሰፍረው አውቶቡስ ባለበት ነው።

ስለ ድንበር ከተነሳ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በቨርጂኒያ የ1930 ሕግ መሠረት አውቶቡስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው መቀመጥ ነበረባቸው። ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ያለ የአውቶቡስ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ጥቁር ተሳፋሪ ከዋሽንግተን ሲነሳ የፈለገበት ይቀመጥና ወንዙ ሲያልቅ ወደ ኋላ ወንበር እንዲሄድ ይገደድ ነበር። ያው ወንበር፣ ያው ሾፌር፤ የተቀየረው ከድልድዩ ሥር ያለው ግዛት ብቻ ነው። በ1944 አይሪን ሞርጋን የምትባል ሴት በቨርጂኒያ በኩል ወደ ባልቲሞር ስትጓዝ ወንበሬን አልለቅም ብላ ታሰረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ከጠበቆቿ አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበር። በ1946 ፍርድ ቤቱ ያ ሕግ ከግዛት ወደ ግዛት በሚጓዝ ተሳፋሪ ላይ ሊሠራበት አይችልም አለ። ሮዛ ፓርክስን የማያውቅ የለም፤ አይሪን ሞርጋንን ግን እዚሁ ቨርጂኒያ የተማሩ ልጆቻችንን ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉም መኪና ገዛ፤ የግል ድርጅቶቹም ከሰሩ። አንድ ደህና ነገር ግን ተሠራ፦ በ1969 በሸርሊ ሀይዌይ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ መስመር ተከለለ፤ በአሜሪካ ፈጣን መንገድ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ሲከለል የመጀመሪያው ነበር ይባላል። መንገዱ የዛሬው 395 ነው፤ ጠዋት ጠዋት የምንራገምበት። በ1973 ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በጋራ ያቋቋሙት ባለሥልጣን፣ ሁላችንም ሜትሮ የምንለው፣ አራት የግል ድርጅቶችን ጠቅልሎ ገዛ። የምድር ባቡሩ በ1976 ሥራ ጀመረ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ የተከፈተው በዲሴምበር 1983 ነው።

ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ በማርች 1984፣ አሌክሳንድሪያ የራሷን አውቶቡስ ጀመረች፤ ዳሽ አለችው። ባቡሩ ከመጣ ተሳፋሪውን ከሰፈሩ ለቅሞ ጣቢያ የሚያደርስ ያስፈልጋል፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ይህን ሜትሮ ራሱ ለምን አልሠራውም ቢባል ግን መልሱ ሂሳብ ነው። ሜትሮ የአውቶቡሱን ኪሳራ ለየከተማውና ለየካውንቲው በቀመር ያከፋፍላል፤ የሕዝብ ብዛት፣ የተሳፋሪ ቁጥር፣ አውቶቡሱ የሚሮጠው ሰዓትና ማይል ይቆጠራል። ደረሰኙ ሲመጣ የየከተማው ሹማምንት መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ራሳችን ብንሠራው አይረክስም?» አሉ። ይረክሳል። ቁጠባው ከየት እንደሚመጣ ሾፌር ወንድም ያለው ሰው ያውቀዋል፤ የሜትሮ ሾፌሮች ጠንካራ ማኅበርና የተሻለ ደመወዝ ነበራቸው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1975 ራይድ ኦንን በማቋቋም ቀደመ፤ አሌክሳንድሪያ ተከተለች፤ በዓመቱ ፌርፋክስ ካውንቲ፤ በ1998 አርሊንግተን። ሁሉም ጎጆ ወጡ፣ ከእናታቸው ማዕድ ግን አልቀሩም፤ አሌክሳንድሪያ ዛሬም ለሜትሮ ድርሻዋን ትከፍላለች። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ በር ላይ ቀለማቸው የተለያየ አውቶቡሶች ተሰልፈው የምናየው ለዚህ ነው። የውጭ ሰው ውድድር ይመስለዋል። ነገሩ የወጪ ክፍፍል ነው።

ነጻ ጉዞ እንዴት መጣ? መጀመሪያ ለእኛ አልመጣም። በ2008 ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ እስከ ወንዙ ዳር የሚመላለስ፣ ጥንታዊ ትራም እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ አውቶቡስ ሥራ ጀመረ፤ አንድ ሳንቲም አይጠየቅበትም። የሚሳፈሩት አብዛኞቹ አይስክሬም የያዙ ጎብኚዎች ናቸው። እነሱ በነጻ ምግብ ቤት ሲሄዱ የምግብ ቤቱ ሳህን አጣቢ ከከተማዋ ምዕራብ፣ ከዌስት ኤንድ፣ ከፍሎ ይመጣ ነበር። ሱቆቹና ሆቴሎቹ ስለሚጠቀሙ ያዋጣል የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የሳህን አጣቢው በሰዓቱ መድረስ ምግብ ቤቱን እንደማይጠቅም ያረጋገጠው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ይህ ልዩነት በ13 ዓመቱ ተስተካከለ። በሴፕቴምበር 2021 የዳሽ አውቶቡሶች በሙሉ ነጻ ሆኑ። ድሮም ከቲኬት የሚሰበሰበው ከወጪው ትንሹን ክፍል ብቻ ነበር የሚሸፍነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግዛቱ በእርዳታ ደገፈ፤ ቀሪውን ከተማው ከበጀቱ ቻለ። በዚያው ሰሞን መስመሮቹ እንደ አዲስ ተዘረጉ። ብዙ ሰው በሚኖርበት አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ ሲባል ሰው በሳሳበት ቀነሰ፤ ከቤታቸው ደጃፍ ይሳፈሩ የነበሩ አንዳንዶች ዛሬ በእግር ይሄዳሉ። ከወረርሽኙ በኋላ ብዙ ከተሞች ተሳፋሪ አጥተው ሲጨነቁ ዳሽ በ2023 የበጀት ዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጉዞ ቆጥሮ የቀድሞ ቁጥሩን አለፈ። ምስጋናውን ሁሉ የወሰደው ነጻ መሆኑ ነው። እኔ ግማሹን እንኳ አልሰጠውም። በሰዓት አንዴ የሚመጣ ነጻ አውቶቡስ የሚያስከፍለው ሰዓት ነው፤ በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ግን የመኪና ቁልፍ ያስረሳል።

በሳውዘርን ታወርስ በኩል አድርጎ ፔንታጎን የሚወስደው 35 ቁጥር እንዲህ ያለ ነው። የእናትየው ጥያቄ መልስ ያገኘውም በዚሁ መስመር ላይ ነው። በ2019 የ395 ፈጣን መስመሮች በክፍያ ሆኑ፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው በዚያ ለመሄድ ቶል ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለሕዝብ ትራንስፖርት ይመደባል፤ 35 ቁጥርም ከዚህ ድርሻ ደርሶታል። ስለዚህ ማን ከፈለልኝ ለሚለው ከመልሶቹ አንዱ፣ ከቸኮለ የማይታገሠው፣ ቶሉን የማያየው፣ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ሲመጣ «ሌባ ሁሉ!» የሚለው፣ ፌርማታ ላይ ሲያየኝ ፍሬን ይዞ የሚያዝንልኝ ዘመዴ ነው። አልነገርኩትም። ከነገርኩት በዓመት በዓል ሁሉ ያነሳብኛል።

ነጻነቱ ግን ድንበር አለው፤ ድንበሩ ደግሞ የከተማው ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ዳሽ አርሊንግተን ገብቶ ፔንታጎን ድረስ በነጻ ይወስዳል። አሌክሳንድሪያ መሀል የሚያልፈው የሜትሮ አውቶቡስ ግን ከ2024 ጀምሮ 2 ዶላር ከ25 ነው። ሁለቱም የሚቆሙበት ፌርማታ ላይ ጥሩ ትያትር አለ። የሜትሮው ቀድሞ ይመጣል፤ ሾፌሩ በሩን ይከፍታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያያል። አንድ የቸኮለ ሰው ካርዱን አውጥቶ ይገባል፤ የቀረነው በአዘኔታ እናየዋለን። ሰፈሩን ለማያውቅ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። ሜትሮ በጁን 2025 የአውቶቡስ ስሞቹን በሙሉ ቀይሮ የአሌክሳንድሪያና የአርሊንግተኑን በ«ኤ» እንዲጀምር ሲያደርግ ደግሞ ባሰ። ከኪንግ ስትሪት በቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ በሐበሻ ሱቆቹ በኩል የሚያልፈውን 28ኤ በቃል ይዘውት የነበሩ አዛውንቶች ስሙ የለም ሲባሉ መስመሩ ራሱ የተነቀለ መስሏቸው ነበር።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጄ ግን በዚያው ሰሞን ደስ ብሎት ደወለ። ራይድ ኦንም ነጻ ሆነ። «እንግዲህ አንተም ጋ ነጻ፣ እኔም ጋ ነጻ» አለ፤ «መጥተህ ጠይቀኝ።» መንገዱን አሰላነው። ከቤቴ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ በዳሽ፣ ነጻ። ከዚያ በቢጫው ባቡር ጋለሪ ፕሌስ፣ በቀዩ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ይኼ በካርድ ነው፣ ሰዓቱና ርቀቱ ታይቶ ይቆረጣል። ከጣቢያው እሱ ቤት በራይድ ኦን፣ ነጻ። ሁለቱ ጫፎች ባለቤት አግኝተዋል፤ መሀሉ የሦስት መንግሥታት ነው፤ የሦስት መንግሥታት የሆነ ነገር ደግሞ ለተሳፋሪው ይቀራል።

«ታዲያ አንተ ብትመጣስ?» አልኩት።

«እኔም ያው መሀሉን ልከፍል ነው?»

ማን ይምጣ፣ ማን ይክፈል ስንባባል ቆየን። በመጨረሻ ዲሲ ተገናኘን፤ ሁለታችንም ከፍለን።